ጸጥታው የሚናገረው
ስለ ክሪስተን ኬብከ የሶርተዳም ሐይቅ ሥዕል

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ኑሮ ጋር ስላለው ትስስር በሚነሣ ክርክር ሁሉ ዘወትር ተከሳሽ ሆኖ የሚቀርበው የተፈጥሮ ገጽታ ሥዕል ነው። የጦር ሜዳ ሥዕል ታሪክን ይተርካል፤ የሠራተኛ ምስል ድካምን ይመሰክራል፤ የመሪ ምስል ሥልጣንን ያሳያል። ዛፍና ውኃ፣ ሰማይና ደመና የያዘ ሸራ ግን «ለማን ቆመ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሌለው ይመስላል። ስለዚህም አንዱ ወገን ከኑሮ መሸሻ፣ የባለጸጎች ሳሎን ማስጌጫ አድርጎ ይንቀዋል። ሌላው ወገን ደግሞ ከዘመንና ከመደብ በላይ የሆነ ንጹሕ ውበት ነው ብሎ ያመልከዋል። ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ሥዕሉን በቅጡ ሳያዩት መፍረዳቸው ነው።

ለዚህ ክርክር ጥሩ መፈተኛ የሚሆን አንድ አነስተኛ ሸራ በዴንማርክ ርእሰ ከተማ በኮፐንሀገን፣ በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኛል። ሠዓሊው ክሪስተን ኬብከ ይባላል። ሥዕሉን የሠራው በ1838 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁመቱ 53፣ ወርዱ 71.5 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ አንድ ሰው በብብቱ ሥር ይዞት ሊሄድ ይችላል። ርእሱም እንደ መጠኑ ትሑት ነው፤ በሶርተዳም ሐይቅ አጠገብ ካለው ከዶሴሪንገን ወደ ኖረብሮ አቅጣጫ ሲታይ፣ ከማለት አያልፍም። ጀግና የለበትም፤ ማዕበል የለበትም፤ ተረት የለበትም። ይህም ሆኖ ዴንማርካውያን «ወርቃማው ዘመን» ብለው ከሚጠሩት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሥዕሎች መካከል እጅግ ከሚወደዱት አንዱ ሆኖ ይኖራል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ምንም የማያውጅ ሥዕል ስለ ዘመኑ ምን ሊናገር ይችላል?

ዐይን የሚያገኘው

ጊዜው አመሻሽ ነው። ለተመልካቹ ቅርብ ከሆነው ዳርቻ አንድ የእንጨት ርብራብ ወደ ውኃው ይገባል፤ የጀልባ መሳፈሪያ ነው። በርብራቡ ላይ ሁለት ሴቶች ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መልሰው ቆመዋል። በዚያው ረጅም እንጨት ተተክሎ፣ ነጭ መስቀል ያለበት ቀይ የዴንማርክ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎበታል። ከውኃው ላይ አንዲት የቀዘፋ ጀልባ ትታያለች። ከማዶ ዛፎቹ ጥግ ለጥግ ተያይዘው በውኃውና በሰማዩ መካከል እንደ መቀነት ይዘረጋሉ። ሌላው ሁሉ ሰማይ ነው።

ሠዓሊው ከሸራው ሰፊውን ክፍል የሰጠው ለሰማዩና የሰማዩን ብርሃን መልሶ ለሚያሳየው ውኃ ነው። ፀሐይዋ አትታይም፤ ሥራዋ ግን በሁሉ ላይ ይታያል። ብርሃኑ ከላይ የሚወርድ ብቻ ሳይሆን ከሐይቁም የሚነሣ ይመስላል። በዚህ በለዘበ ብርሃን መካከል ከቀለሞች ሁሉ ጎልቶ የሚታየው የሰንደቁ ቀይ ነው። ኬብከ ይህን ቀይ አልጮኸበትም፤ ነገር ግን አልደበቀውም። ዐይን በሸራው ላይ የትም ቢዞር ተመልሶ የሚያርፈው እዚያው ነው።

ከዚህ በኋላ ዐይን አንድ ነገር ይጠይቃል። ጀልባዋ እየመጣች ነው ወይስ እየሄደች? ሴቶቹ እንግዳ ሊቀበሉ ወጡ ወይስ ተጓዥ ሊሸኙ? ሥዕሉ ይህን ቆርጦ አይናገርም። የሴቶቹ ፊት ቢታይ ኖሮ ደስታ ወይም ኀዘን ጥያቄውን ይፈታው ነበር፤ ሠዓሊው ግን ይህን ማስረጃ ከተመልካቹ ወስዶበታል። ስለዚህ ተመልካቹ ከሴቶቹ ኋላ ቆሞ፣ እነርሱ የሚያዩትን እያየ፣ ሦስተኛ ተጠባባቂ ይሆናል። ጸጥታው ባዶ አይደለም፤ በመጠበቅ የተሞላ ጸጥታ ነው። ሥዕሉን ከተራ የመልክአ ምድር ማስታወሻ ከፍ የሚያደርገው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

የሰው እጅ የሠራው ሐይቅ

«ንጹሕ ተፈጥሮ» የሚሉት ወገኖች ቆም ብለው ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ይህ ሐይቅ እንደ ተራራ ወይም እንደ ባሕር በራሱ የተገኘ አይደለም። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ወራጅ ውኃ እየተገደበ ከተሠሩትና ከከተማይቱ ቅጥር ውጭ ተከታትለው ከተዘረጉት ሐይቆች አንዱ ነው። ስሙም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ሶርተዳም ማለት «ጥቁሩ ግድብ» እንደ ማለት ነው። ሠዓሊው ቆሞ ያየበት ዶሴሪንገንም ውኃውን ለመያዝ የተሠራ ተዳፋት ዳርቻ ነው። ሐይቆቹ ለከተማው መከላከያ፣ ለወፍጮና ለመጠጥ ውኃ ያገለግሉ ነበር። እንግዲህ በሸራው ላይ የሚታየው ሰላማዊ ውኃ የምሽግ ውኃ፣ የእንጀራ ውኃና የጥም ውኃ ነው።

የዚያን ጊዜዋ ኮፐንሀገን በአፈር ምሽግና በውኃ ቦይ የታጠረች፣ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በጠባብ ቦታ ያጨቀች ከተማ ነበረች። ከቅጥሩ ውጭ ግንባታ በወታደራዊ ምክንያት በሕግ የተገደበ ነበር፤ ጠላት ቢመጣ መድፈኛው ፊት ለፊቱ ክፍት መስክ ማግኘት ነበረበትና ነው። ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አልነበረም። በ1807 የእንግሊዝ ጦር ከተማይቱን በመስከረም ወር መጀመሪያ ሌሊቱን እያከታተለ ደብድቦ፣ ሰፊ ክፍልዋን አቃጥሎ፣ የአገሪቱን የጦር መርከቦች ጠራርጎ ወስዷል። በ1813 የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ከሰረ። በ1814 ከዴንማርክ ዘውድ ጋር ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ተሳስራ የኖረችው ኖርዌይ ተወሰደች። ኬብከ የተወለደው በዚህ የውድቀት ዘመን መካከል፣ በ1810 ነው።

ስለዚህ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ክፍት ሰማይ፣ ዛፍ ብቻ የሚታይበት ማዶ፣ ያልተጨናነቀው አድማስ፣ የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አይደለም። ጦርነትን የፈራ ሕግ የፈጠረው ጸጥታ ነው። ሠዓሊው ይህን በጽሑፍ ባይነግርም፣ የሣለው ቦታ እርሱ ሳይናገር ይናገራል።

ከኤከርስቤርግ የተማረው

የኬብከ አባት በከተማው ምሽግ በካስቴሌት ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ልጁ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባ፤ ከ1828 ጀምሮም የክሪስቶፈር ቪልሄልም ኤከርስቤርግ ተማሪ ሆነ። ኤከርስቤርግ በፓሪስ በዣክ ሉዊ ዳቪድ ሥር የሠራ፣ በሮም ዓመታት የቆየ፣ በ1818 በአካዳሚው ፕሮፌሰር የሆነ መምህር ነው። ተማሪዎቹን ከክፍል አውጥቶ መንገድና ሜዳ ላይ አስቀምጦ፣ በፊታቸው ያለውን እንዲሥሉ ያደርግ ነበር። በ1833 ደግሞ ለወጣት ሠዓሊያን የሚሆን የፐርስፔክቲቭ መመሪያ አሳተመ።

ይህ ትምህርት የእጅ ስልት ብቻ ሳይሆን የአስተያየትም ሥነ ምግባር ነው። ፐርስፔክቲቭ ሠዓሊውን አንድ ነገር ያስገድደዋል፤ የት ቆሞ እንደሚያይ መወሰን። ከየትም የማይታይ ነገር የለም፤ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ሁሉን ከላይ የሚያይ ዐይን የለም። የዐይን ከፍታ የሚያርፍበት መስመር ተለክቶ ይሰመራል፤ ነገሮችም ሁሉ ለዚያ መስመር ይገዛሉ። በሶርተዳም ሥዕል ተመልካቹ ውኃው ዳር በሰው ቁመት ቆሟል። ሴቶቹ ከእርሱ የሚበልጡ ጣዖታት አይደሉም፤ ከእርሱ የሚያንሱ አሻንጉሊቶችም አይደሉም። በእርሱው ምድር ላይ የቆሙ ሰዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ተማሪው ከመምህሩ በአንድ ነገር ይለያል። ኤከርስቤርግ የነገርን ዳር አጥርቶ፣ ለክቶ፣ ዘግቶ ያስቀምጣል። ኬብከ ግን ለክቶ ካስቀመጠው በኋላ አየር ያስገባበታል። ርብራቡ የተለካ ነው፤ ከርብራቡ በላይ ያለው ምሽት ግን አይለካም። የመምህሩ ትክክለኛነት በደቀ መዝሙሩ እጅ ወደ ስሜት የተሸጋገረው ትክክለኛነትን በመተው ሳይሆን በእርሱ ላይ በመቆም ነው። ልኬትን ሳይማሩ «ስሜቴን ነው የሣልሁት» ለሚሉ ሁሉ ይህ መልስ ነው።

የሰንደቁ ነገር

ወደ ቀዩ ሰንደቅ መመለስ ያስፈልጋል። ዛሬ በዴንማርክ አገር ሰንደቁ በየአትክልት ቦታው ይውለበለባል፤ ለልደት ቀንም ይሰቀላል። ስለዚህ የዘመኑ ተመልካች በሥዕሉ ውስጥ ሲያየው እንደ ተራ የበጋ ጌጥ ሊያልፈው ይችላል። በ1838 ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ሰንደቁ የንጉሥ፣ የሠራዊትና የመርከብ ምልክት ነበር። በ1834 ግለሰቦች ያለ ፈቃድ በየብስ ላይ እንዳይሰቅሉት ተከልክሎ፣ ክልከላው እስከ 1854 ድረስ ጸንቶ ቆይቷል።

ዘመኑንም ማስታወስ ይገባል። ዴንማርክ ከ1660 ጀምሮ በፍጹማዊ ዘውድ የምትገዛ አገር ነበረች። በ1830ዎቹ አጋማሽ የምክር ብቻ ሥልጣን ያላቸው የክፍለ አገር ጉባኤያት ተከፈቱ። በ1835 የፕሬስ ነጻነትን የሚደግፍ ማኅበር ተመሠረተ። በዕድሜ የገፉት ንጉሥ ፍሬድሪክ 6ኛ በ1839 ዐረፉ። ንጉሣዊውን ፍጹማዊ አገዛዝ የሻረው ሕገ መንግሥት የጸናው በሰኔ 1849 ነው። ሥዕሉ የተሠራው እንግዲህ አሮጌው ገና ሳይሄድ፣ አዲሱም ገና ሳይደርስ፣ አገር በሁለት ዘመናት መካከል ቆማ በምትጠብቅበት ወቅት ነው።

በቅኔ የሠለጠነ አንባቢ ይህን ሲሰማ ወዲያው ሰምና ወርቁን ለመለየት ይነሣሣል። ሰሙ ሐይቅ፣ ወርቁ አገር፤ ሰሙ ጀልባ፣ ወርቁ ነጻነት ብሎ ሊደመድም ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ፍቺ ያጓጓል፤ ነገር ግን ሥዕሉን ይጎዳዋል። ኬብከ የፖለቲካ ተሟጋች አልነበረም፤ ሸራውም ምስጢር የተቆለፈበት ሣጥን አይደለም። ሴቶቹ በመጀመሪያ ሴቶች ናቸው፤ ጀልባዋም ጀልባ ናት። የሥዕሉ ኃይል ያለው ነገሮቹ ምልክት ከመሆናቸው በፊት ነገር ሆነው በመገኘታቸው ነው። ሰንደቁ ከቤተ መንግሥት ጣራና ከመርከብ ጫፍ ወርዶ፣ በአንድ ውኃ ዳር፣ ተራ ሰዎች ጀልባ በሚሳፈሩበት ቦታ መታየቱ ብቻውን በቂ ነው። የአገር ምልክት ወደ ተራው ዜጋ መንደር መጣ። ሠዓሊው አልፈከረም፤ አሳየ።

ያልተሣለው

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ምስጋና ነው። ይሁን እንጂ ሒስ ሸራው ያሳየውን ብቻ ሳይሆን ያላሳየውንም መቁጠር አለበት።

የኬብከ ቤተሰብ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከምሽጉ ወጥቶ በሐይቁ ዳር በብሌይዳመን ሠፈረ። ይህ ስም ከሥራ የመጣ ነው፤ በፍታ እየታጠበ በመስኩ ላይ ተዘርግቶ በፀሐይ እንዲነጣ የሚደረግበት ቦታ ነበር። የከተማው ባለጸጋ የሚለብሰው ነጭ ሸሚዝ የነጣው በዚህ ውኃ አጠገብ፣ በአጣቢዎች ክንድ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ግን የነጣው መስክም ሆነ የሚያነጡት እጆች የሉም። ርብራቡን የሠራው አናጢ የለም። ጀልባዋን ወደፊት የሚያስኬደው ቀዛፊ እንኳ ከሩቅ የሚታይ ትንሽ የቀለም ነጠብጣብ ነው። በቅርብ የሚታዩት የሚጠብቁት ናቸው፤ የሚሠራው ግን ሩቅ ነው።

ይህ የችሎታ ጉድለት አይደለም። ኬብከ ሥራን ማየትና መሣል ይችል እንደ ነበር ከሁለት ዓመት በፊት በ1836 የሠራው «ኦስተርብሮ በማለዳ ብርሃን» ይመሰክራል። በዚያ ሥዕል መንገዱ በሰውና በከብት ተሞልቷል፤ ቀኑ በሥራ ይጀምራል። በሶርተዳም ግን ቀኑ ያለቀ ነው፤ የቀረው የዕረፍት ሰዓት ነው። ማለዳው የሠራተኛው፣ ምሽቱ የባለቤቱ ሆነ ማለት ይቻላል። ይህ ምርጫ ሠዓሊው የቆመበትን ቦታ ያሳያል። ልጁ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ሐይቅ ዳር ሰፊ ቤት ለመያዝ የበቃ ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው። እየተነሣ የነበረው የከተማ ንዑስ ከበርቴ ዓለምን ማየት የጀመረው ከገዛ አትክልቱ በር ነው።

እንግዲህ ሥዕሉ በዚህ ይወቀስ? ይወቀስ፤ ግን በልክ። አንድ ሸራ ኅብረተሰቡን ሁሉ መያዝ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት የቆመበትን ቦታ አለመዋሸት ነው። በዘመኑ በአውሮፓ አዳራሾች ከሚሰቀሉት ሥዕሎች ብዙዎቹ በእረኛ ልብስ ያጌጡ፣ ላብ የማያውቃቸው ገበሬዎች የተሞሉ ነበሩ። ኬብከ ይህን ውሸት አልሠራም። ያላወቀውን ሠራተኛ አሳምሮ ከመፍጠር፣ የሚያውቀውን ዳርቻ በልኩ ማሳየትን መረጠ። ድካምን አስጊጦ የሚያቀርብ ሥዕል ድካምን ከማያሳይ ሥዕል ይልቅ ሠራተኛውን ይበድላል።

ከኢጣልያ ወዲህ

የዚህ ሥዕል ታሪክ አሳዛኝ ጎን አለው። ሸራው በተሠራበት በዚያው በ1838 ኬብከ ወደ ኢጣልያ ተጓዘ። የዚያን ጊዜ አንድ ሠዓሊ ሙሉ ሰው ሆኖ ለመቆጠር የደቡብን ፀሐይ፣ የሮምን ፍርስራሽ ማየት ነበረበት። እስከ 1840 ድረስ በሮም፣ በኔፕልስና በካፕሪ ቆይቶ ብዙ ንድፍ ይዞ ተመለሰ። ከተመለሰም በኋላ ለዓመታት ኮፐንሀገን ተቀምጦ የካፕሪን ዳርቻ ሲሥል ኖረ። አባቱ በ1843 ሞቱ፤ የብሌይዳመን ቤት በ1845 ተሸጠ። በ1846 የአካዳሚው አባል ለመሆን ያቀረበው የካፕሪ ሥዕል ተቀባይነት አጣ። በየካቲት 1848 በሳንባ ምች ሞተ፤ ገና 37 ዓመቱ ነበር።

ልብ ማለት የሚገባው ነገር ይህ ነው። ሊመዘን የቀረበው ትልቅ ተብሎ በሚከበረው ርእስ ነው፤ የተገኘውም ቀልሎ ነው። ዛሬ ግን ስሙን ያቆመለት በእግሩ ሥር የነበረው ሐይቅ ነው። ይህም ወዲያው አልታወቀም። ከሞተ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ተዘንግቶ ኖሮ፣ በ1893 ኤሚል ሐኖቨር ስለ እርሱ መጽሐፍ ሲያሳትም ነው ቦታው መስተካከል የጀመረው። ሥራን በርእሱ ክብር የሚመዝን ተቋም፣ ርእሱ ጥንታዊም ይሁን አዲስ፣ ባዕድም ይሁን አገራዊ፣ ስሕተቱ አንድ ነው። በፊቱ ያለውን ሸራ ትቶ በራሱ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ያነባል። ሥዕል ለመምረጥ፣ ለመሸለምና ለማስተማር ኃላፊነት የተሰጠው ማንም ሰው ይህን የ1846 ውሳኔ ደጋግሞ ቢያስታውሰው ይጠቅመዋል።

ኬብከ በኢጣልያ ርእሶች ሲታገል ሌላ ጥሪ በአገሩ ተሰማ። በ1844 የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ ኒልስ ላውሪትስ ሆየን ባደረገው ንግግር ሠዓሊያን ወደ ሰሜኑ ታሪክ፣ ወደ ገበሬውና ወደ ዓሣ አጥማጁ ኑሮ፣ ወደ ራሳቸው ምድር እንዲመለሱ ጠየቀ። ገበሬው በተወለደበት የባላባት ርስት ተጣብቆ እንዲኖር ያስገድድ የነበረው ሕግ በ1788 ከተሻረ ወዲህ ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፏል፤ ያ ሰው በኪነ ጥበብ ውስጥ ቦታ መጠየቁ ተገቢ ነበር። በዚህ መንፈስ ዮሐን ቶማስ ሉንድቡ በ1843 ወርዱ ከ2 ሜትር የሚበልጥ የዴንማርክ ጠረፍ ሥሎ ነበር፤ ፔተር ክርስቲያን ስኮቭጎርድም በ1857 የቢች ዛፎችን ደን እንደ ካቴድራል ምሰሶ አቁሞ አሳየ።

እነዚህ ታላላቅ ሸራዎች ናቸው። ነገር ግን በእነርሱ ውስጥ አገር ራስዋን ማወቅ ብቻ ሳይሆን ራስዋን ማድነቅ ጀምራለች። ዛፉ ዛፍ መሆኑ ቀርቶ የዴንማርክ ዛፍ ይሆናል፤ ጠረፉም ምስክርነት እንዲሰጥ ይጠራል። የኬብከ ሐይቅ እንዲህ ያለ ሸክም የለበትም። ሰንደቅ ያለበት እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ከሁሉም ያነሰ የሚፎክረው እርሱ መሆኑ የሚያስገርም ነው። የአገር ፍቅር ከፍ ባለ ድምፅ ብቻ የሚለካ አለመሆኑን ይህ ንጽጽር በቂ አድርጎ ያስረዳል።

ማዶው ምን ሆነ?

ሥዕሉ ከተሠራ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ያ ጸጥታ ፈረሰ። ከ1852 ጀምሮ የግንባታው ክልከላ ላላ። በ1853 በጠባቡ ቅጥር ውስጥ ኮሌራ ገብቶ ከ4,700 የሚበልጥ የኮፐንሀገን ነዋሪ ፈጀ፤ ከተማይቱ እንደዚያ ታፍና መኖር እንደማትችል ለሁሉ ግልጽ ሆነ። የቅጥሩ በሮች ተነሡ፤ ከተማው ወደ ሐይቆቹና ከሐይቆቹ ወዲያ ፈሰሰ። በኬብከ ሸራ ላይ ዛፎች ብቻ የሚታዩበት የኖረብሮ ወገን በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበበት፣ ጠባብ ጓሮ ያለው የሠራተኛ ሠፈር ሆነ። የዴንማርክ የሠራተኞች እንቅስቃሴ ከሥር መሠረቱ ከተቀመጠባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ሠፈር ነው። በግንቦት 1872 ሠራተኞች በአቅራቢያው በሚገኘው ሰፊ መስክ ለስብሰባ ሲጠሩ ፖሊስና ወታደር በትኗቸዋል።

እንግዲህ ሸራው ላይ ያልተሣለው ሰው ከማዶ መጣ። ይህን ኬብከ አላወቀም፤ ሊያውቅም አይችልም። ነገር ግን የሣለው ማዶ ባዶ ግድግዳ አልነበረም፤ ሁለት ሰዎች ዐይናቸውን የጣሉበት፣ አንዲት ጀልባ በመካከል ያለችበት፣ አንድ ነገር ሊመጣበት ወይም ሊሄድበት የሚችል ማዶ ነበር። ከኋላ የመጣ ትውልድ ሥዕሉን ሲያይ የገዛ ታሪኩን የሚያስገባበት ቦታ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የተዘጋ ሥዕል ከዘመኑ ጋር ያረጃል፤ ክፍት የተተወ ሥዕል ግን የሚመጣውን ይቀበላል።

ማጠቃለያ

ከመነሻው የተጠየቀው ጥያቄ፣ ምንም የማያውጅ ሥዕል ስለ ዘመኑ ምን ሊናገር ይችላል የሚል ነበር። የሶርተዳም ሐይቅ የሰጠው መልስ ሦስት ነገሮችን የያዘ ነው። አንደኛ፣ ተፈጥሮ ተብሎ የሚታየው ምድር ብዙውን ጊዜ የሰው እጅ፣ የሕግና የጦርነት ውጤት መሆኑን። ሁለተኛ፣ የሥዕል ማኅበራዊ እውነት በያዛቸው ርእሶች ዝርዝር ሳይሆን ሠዓሊው የቆመበትን ቦታ በሐቅ በማመልከቱ የሚመዘን መሆኑን። ሦስተኛ፣ ጸጥታም ይዘት ሊሆን እንደሚችል፤ ይህ የሚሆነው ግን የሚጠበቅ ነገር ያለበት ጸጥታ ሲሆን መሆኑን።

የተፈጥሮ ገጽታን እንደ መሸሻ የሚንቅ ሰው በዚህ ሸራ ውስጥ ምሽጉን፣ ክልከላውን፣ የበፍታውን መስክና የሚመጣውን ሠፈር ቢፈልግ ያገኛቸዋል። ንጹሕ ውበት ብቻ ነው የሚለውም ሰው የማንን ምሽት እያደነቀ እንደሆነ ራሱን ቢጠይቅ ውበቱ አይቀንስበትም፤ ይልቁንም ይከብድበታል።

ሥዕሉን በኅትመት ቅጂ ለተማሪዎቹ የሚያሳይ መምህር በሠዓሊው ታሪክና በዘመኑ ስም መጀመር የለበትም። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ሠዓሊው የት እንደቆመ በጣታቸው ያመልክቱ። ቀጥሎ ጀልባዋ ትምጣ ትሂድ ይከራከሩ። ከዚያም በሥዕሉ ውስጥ ማን ሲሠራ፣ ማን ሲያርፍ እንደሚታይ ይቁጠሩ። እነዚህን ሦስት ነገሮች በራሳቸው ዐይን ካገኙ በኋላ በገዛ መንደራቸው ወንዝ ወይም ኩሬ ዳር ቆመው ወረቀት ቢዘረጉ፣ የሚሥሉት ነገር ትንሽ ነው ብለው አያፍሩም።